ስልሳ ሲሞላ

ስልሳ እስኪሞላ ድረስ ዝም ናት፤ ጨዋ ናት፣
ስልሳን ስትረግጥ ግን ማጉረምረም አለባት።

"እንዴት ነው የምትለው?" አለኝ ጋሽ ኩምሳ።
"እም—ም—ም" አልኩት፣ ከንፈሬን ገጥሜ።
"የለም፣ ው—ው—ው ነው" ረዳቴ ሙራድ አለ፣
ጎሚስታው ከወዲያ "ዝ—ዝ—ዝ ነው" ብሎ ማለ።
አራት ትልልቅ ሰው፣ ፍራንኮ፣ አስፋልት ዳር፣
እንደ ንብ፣ እንደ ጅብ ስንከራከር፣
ባጃጅ ያሳፈራት ልጅ ዞራ አየችንና
ፊቷን በነጠላ ሸፈነች በሳቅ።

መኪናዬ ያው ናት፤ ሁለት ጊዜ ሞተር የለወጠች፣
ስንቱን የወንጂ ሰው ከነጓዙ ያመላለሰች፣
በሯ በገመድ፣ አንድ መስኮቷ በካርቶን፣
እኔን ከነዕዳዬ ያኖረች እስካሁን።

ጋሽ ኩምሳ ጆሮ ነው፤ አዳማ ያውቀዋል።
የካቻቪቴውን ጫፍ ከብረቱ ያስነካል፣
እጀታው ጆሮው ላይ፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣
"ካምቢዮው ደህና ነው፤ ፍሪሲዮኑም" ይላል።

ወንጂ መውረጃ ላይ ልንፈትናት ወጣን።
"ስልሳ ላይ ዜሮ አድርጋት" አለኝ። አደረግሁ።
ሞተሩ ተንፍሶ አረፈ፣
ድምፁ ግን ከኛው ጋር ቁልቁል ከነፈ።
"እንግዲህ ሞተሩ በነጻ ተለቋል።"
ወደ ግራ አጠማዘዝኩ፣ ወደ ቀኝ፤
የጎማ ኩሽኔታ ቢሆን ያለቅስ ነበር። አላለቀሰም።
የኋላው ጎማ ወደ ፊት፣ የፊቱ ወደ ኋላ ዞረ፣
ድምፁ እቴ! ከቦታው መቼ ተሻገረ።
የዲፍረንሻሉን ዘይት አፈሰስን፣
ማግኔት ነክሮ የብረት ትቢያ ፈለገ፤ የለም።
ዘጠና ዘይት ሞላን፣ የሁለት ቀን ገቢዬን ጠጣ፣
ስልሳ ላይ እም—ም—ም... ያው ድምፅ መጣ።

"እኔም ስልሳ ከሞላኝ ወዲህ እንዲሁ ነኝ" አለ።
ሳቅን። እሱ አልሳቀም፤ ኬሻው ላይ ተንጋለለ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሰኞ፣ ገና ሳይነጋ፣
አዴ ብርቂቱ ሽንኩርታቸውን ፖርቶመጋላ ላይ አስጭነው
ከሙራድ ጀርባ፣ ከማይለቋት ወንበር ተቀመጡ።
ጫማቸውን አወለቁ፤ ሁልጊዜም ያወልቃሉ።
አዋሽን ሳንሻገር፦
"አንተ ልጅ፣ እዚህ ተረከዜ ስር የሚያጉረመርመው ማነው?
ከኋላ ነው ትላላችሁ፤ ከኋላ አይደለም፣ መሀል ነው።
ጠዋት ጠዋት ይኮረኩረኛል፣
ፀሐይ ሲከር ይቆረጥመኛል።
አራት ወሩ!"
"ታዲያ ምነው ዝም አሉ?"
"ማን ጠየቀኝ? 'ሂሳብ' ብቻ አይደል የምትሉኝ!"

ተሳፋሪውን አውርጄ፣ እሳቸውን ከነሽንኩርታቸው ይዤ ተመለስኩ።
ጋሽ ኩምሳ እግራቸውን አየ፣
ሳይገዛው እንደቀረ መፍቻ።
ተረከዛቸው ያረፈበትን ወለል በጠመኔ ከበበ፣
ከስር ገብቶ በክቡ ትክክል እጁን ሰደደ።
ብዙ ቆየ።
"የመሀል ሱፖርቶ" አለ፣ ድምፁ ከሆዷ ስር፣
"ላስቲኩ ተበልቷል፤ ኩሽኔታውም ግራሶ የሚባል ነገር
ካየ ዘመን የለው።" አሽከረከረው፤ ሽርርር...
ሁላችንም ሰማን። በዚህኛው አልተከራከርንም።

አሁን ሰባ ብገባ ዝም ትላለች።
ካርቶኑ ሲርገበገብ፣ ሙራድ ድፍን ብር ሲቆጥር፣
የአንዷ ሽንኩርት ወለሉ ላይ መንከባለል ሳይቀር
ይሰማኛል። ይህ ሁሉ ድምፅ የት ነበር?
አዴ ብርቂቱ እግራቸውን ዘርግተው አንቀላፉ።
ያን ቀን ሂሳብ አልተቀበልናቸውም፤ በማግስቱ ግን
ሙራድ ረስቶ እጁን ዘረጋ፤ ከፈሉ፣ ሳይናገሩ።

ትናንት በጋራዡ ሳልፍ አንድ ፒካፕ ቆሟል፣
ባለቤቱ አፉን አሹሎ "ቂ—ቂ—ቂ" ይላል።
ጋሽ ኩምሳ ካቻቪቴውን መሬት ላይ አኖረ፣
ግራ ቀኙን አየ፣ ማንም ያየው መሰለው፣
ጎንበስ አለና
የቀኝ ጫማውን ክር ፈታ።